አሊ ወይስ ኡሲክ? የድሮና የዛሬ ከባድ ሚዛን ቦክሰኞችን ስታወዳድሩ ምኑን ማየት አለባችሁ

ይሄ ክርክር ሁሌ በአንድ አይነት መንገድ ነው ሚበላሸው። አንዱ የዛሬውን እንግሊዛዊ ታይሰን ፉሪን አንስቶ "አሊ ፉሪን ይጫወትበት ነበር" ይላል፣ ሌላው "ባክህ ፉሪ እኮ 2.06 ሜትር ነው፣ ተደግፎት ብቻ ያደክመዋል" ይላል፣ ከዛ አንድ ሰው ማይክ ታይሰንን ያመጣል፣ ከዛ በኋላ መደማመጥ ሚባል ነገር የለም። ችግሩ እያንዳንዱ ሰው የተለያየ ጥያቄ እየመለሰ መሆኑ ነው። አንዱ ሚያወራው ሪንግ ውስጥ ማን ማንን ይዘርራል ስለሚለው ነው፣ ሌላው ማን ትልቅ ታሪክ ሰርቶ አለፈ ስለሚለው፣ ሶስተኛው ደግሞ ማን በራሱ ዘመን የነበሩትን በሰፊው በለጠ እያለ ነው። ሶስቱ ለየቅል ናቸው፣ መልሳቸውም ለየቅል ነው። የኔን ቀድሜ ልንገራችሁና ለምን እንደሆነ ደሞ እያየን እንሂድ፦ ከሁሉም ዘመን ሰዎች ጋ ሪንግ ውስጥ ሚገባ አንድ ሰው ምረጥ ብባል የ90ዎቹን ሌኖክስ ሌዊስን ነው ምመርጠው፣ ባሸነፋቸው ሰዎች ጥራት ከሆነ መሐመድ አሊን፣ በዘመኑ ላይ በመንገስ ከሆነ የ1930ዎቹንና 40ዎቹን ጆ ሉዊስን። ከዛሬዎቹ ውስጥ ከነዚህ ተርታ ሚሰለፍ አንድ ሰው ብቻ ነው ምታገኙት፣ እሱም ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ነው።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው፣ ኪሎዎቹን ደግሞ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቻቸዋለሁ።

ኪሎና ቁመት

ሁሉም ሚጀምረው ከዚ ስለሆነ እኛም ከዚ እንጀምር። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ በርግጥ ያስደነግጣል። የ1950ዎቹ ሮኪ ማርሲያኖ ቁመቱ 1.78 ሜትር ገደማ ነበር፣ ሻምፒዮን ሆኖ ሚፋለመው 84 እና 85 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ነው። ታይሰን ፉሪ ደግሞ ዲዮንታይ ዋይልደርን በ2020 ሲደበድበው 124 ኪሎ ነበር፣ የእጁ ርዝመት (ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ) 216 ሴንቲሜትር። በመሀላቸው ወደ 40 ኪሎ ልዩነት አለ ማለት ነው። ዛሬ ክሩዘርዌት ሚባለው ሚዛን ጣሪያው 90.7 ኪሎ ነው፣ ስለዚ ማርሲያኖም ጃክ ዴምፕሲም ዛሬ ቢመጡ ጭራሽ ከባድ ሚዛን ውስጥ አይመደቡም፣ ጆ ሉዊስ እራሱ ምርጥ በነበረበት ጊዜ 90 ኪሎ አካባቢ ስለነበር ድንበሩ ላይ ነው። ክሩዘርዌት ግን በነሱ ጊዜ የለም፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ የተደረገው በ1979 መጨረሻ ነው፣ ከዛ በፊት ከ79 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ከባድ ሚዛን ነበር ሚባለው።

እሺ፣ ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በ1919 ዴምፕሲ 85 ኪሎ ሆኖ 111 ኪሎ ከሚመዝነው ጄስ ዊላርድ ጋ ገባና በመጀመሪያው ዙር ብቻ 7 ጊዜ ወለል ላይ ጣለው። በ1935 ጆ ሉዊስ 118 ኪሎ የነበረውን ግዙፉን ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር ጨረሰው። "ያ ድሮ ነው፣ ግዙፎቹ ቦክስ አይችሉም ነበር" ካላችሁ ደግሞ በ2009 ዴቪድ ሄይ ገና ከክሩዘርዌት እንደመጣ 99 ኪሎ ሆኖ 143 ኪሎውን ኒኮላይ ቫሉዬቭን በነጥብ ቀበቶውን ወሰደበት፣ ቫሉዬቭ 2.13 ሜትር ነው። አሁንም ካላመናችሁ ግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ኡሲክ 101 ኪሎ፣ ፉሪ 119 ኪሎ፣ ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ፣ ኡሲክ። በታህሳስ ሲደግሙት ፉሪ ጭራሽ ወደ 127 ኪሎ ከፍ ብሎ መጣ፣ እንደገና ተሸነፈ፣ እንደውም በሁለተኛው የዳኞቹ ነጥብ ይበልጥ ሰፋ።

ስለዚ እኔ ኪሎን ምጠቀመው እንደ መግቢያ በር ብቻ ነው። ሰውየው 95 ኪሎ አካባቢና ከዛ በላይ ሆኖ በደንብ ይፋለም ነበር ወይ? ከነበረ የኪሎውን ነገር ተዉት፣ ሌላ ነገር እንይ። 95 ያልኩት ዝም ብዬ አደለም። ዋይልደር በ2018 ከፉሪ ጋ መጀመሪያ ሲገጥሙ 96 ኪሎ ብቻ ነበር፣ ፉሪ ከሱ 20 ኪሎ ይበልጠዋል፣ ግን ሁለት ጊዜ ወለል ላይ ጥሎታል፣ የ12ኛው ዙር መውደቅማ ያየ ሰው ፉሪ ይነሳል ብሎ አልጠበቀም። ማለት 96 ኪሎ የሆነ ሰው ቡጢው 2.06 ሜትር የሆነን ሰው ለመጣል ይበቃል። አሊ በ1966 96 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ኪንሻሳ ላይ በ1974 ከጆርጅ ፎርማን ጋ ሲገጥም 98፣ ፎርማን በዛው ቀን 100 ገደማ፣ ማይክ ታይሰን በጥሩ ጊዜው 99 ምናምን። ሶኒ ሊስተን 1.85 ቢሆንም የእጁ ርዝመት 213 ሴንቲሜትር ይደርስ ነበር፣ ያ ከፉሪ ብዙ አያንስም። ስለዚ ከ1960ዎቹ ወዲህ ላሉት "ትንሽ ነበሩ" ሚለው ወሬ አይሰራም። ለማርሲያኖና ለዴምፕሲ ግን ይሰራል፣ እሱን በሐቀኝነት መቀበል ነው። ማርሲያኖን ከሌኖክስ ሌዊስ ጋ ማስገባት ልክ አደለም፣ ማርሲያኖን ከዛሬ ክሩዘርዌቶች ጋ አስገቡት ከዛ እናወራለን።

ደሞ አንድ ነገር፣ ብዙ ሰው ማያስተውለው፦ አሊና ኡሲክ ሰውነታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም 1.91 ሜትር፣ ሁለቱም የእጅ ርዝመታቸው 198 ሴንቲሜትር። ኡሲክ ትንሽ ይከብዳል እንጂ አፅሙ ያው ነው። ስለዚ "አሊ ዛሬ ቢመጣ በጣም ትንሽ ይሆን ነበር" ሚል ሰው መጀመሪያ ኡሲክ እንዴት የአራቱን ድርጅቶች ቀበቶ እንደጠቀለለ ያስረዳኝ።

የዙር ቁጥር (ዋናው ነገር ይሄ ነው)

ሰው ስለ ኪሎ ሲጨቃጨቅ ውሎ ያድራል፣ ስለ ዙር ግን ማንም አያነሳም፣ እኔ ደግሞ ከኪሎ ይልቅ ታሪክ የቀየረው ዙር ነው ባይ ነኝ። ዛሬ የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ነው። በፊት 15 ነበር፣ ከዛም በፊት ከዛ በላይ፣ ጃክ ጆንሰን በ1915 ሃቫና ላይ በዊላርድ የተዘረረው በ26ኛው ዙር ነው፣ ግጥሚያው የተያዘው ለ45 ዙር ነበር። ከ15 ወደ 12 የወረደው ደግሞ በህዳር 1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋ እስከ 14ኛው ዙር ተፋልሞ ከቀናት በኋላ ከሞተ በኋላ ነው። መጀመሪያ የዓለም ቦክስ ካውንስል ቀነሰ፣ ሌሎቹ እስከ 1988 ድረስ እየተከተሉ ገቡ።

አሁን ይሄን አስቡት። ሰኔ 1941 ጆ ሉዊስ ከቢሊ ኮን ጋ ተጋጠመ። ኮን 80 ኪሎ እንኳን የማይሞላ ሰው ነው፣ ግን በእግሩና በእጁ ፍጥነት ሉዊስን እያሞኘው 12 ዙር ሲያልቅ በሁለቱ ዳኞች ካርድ ይመራ ነበር፣ በሶስተኛው እኩል ናቸው። 13ኛው ላይ ኮን ልዘርረው ብሎ ገባና ሉዊስ ዘረረው። በዛሬ ህግ ግን ግጥሚያው 12ኛው ላይ አልቋል፣ ኮን ሻምፒዮን ነው፣ ጆ ሉዊስ 25 ጊዜ ቀበቶውን አስጠበቀ ሚለው ሪከርድ የለም።

ሁለተኛው ይብሳል። መስከረም 1952 ፊላደልፊያ፣ ማርሲያኖ ከጀርሲ ጆ ዎልኮት ጋ። ማርሲያኖ በመጀመሪያው ዙር ወድቋል፣ 12 ዙር ሲያልቅ በሶስቱም ካርድ እየተመራ ነው። 13ኛው ላይ አንድ ቀኝ እጅ ላከና ዎልኮት ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ12 ዙር ህግ ቢሆን ማርሲያኖ ያን ቀን ተሸናፊ ነው፣ 49 ለ 0 (49 ድል፣ ምንም ሽንፈት) ሚባል ነገር አናውቅም ነበር! ሰው ሁሉ እንደ ቅዱስ ቁጥር ሚጠራው 49 ለ 0 የቆመው ዛሬ በሌለ ዙር ላይ ነው።

ይሄን የማነሳው ማርሲያኖን ለማሳነስ አደለም፣ ተቃራኒውን ነው። እሱ ሚሰለጥነው ለ15 ዙር ነበር፣ አቅሙን ሚያከፋፍለው ለ15 ነው፣ ስለዚ 12ኛው ላይ መመራት ለሱ ሽንፈት አልነበረም። ለዚ ነው የድሮ ሰው ከዛሬ ሰው ጋ ስታጋጥሙ መጀመሪያ "በስንት ዙር?" ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። 125 ኪሎ ይዞ ሚንቀሳቀስ የዛሬ ሰው 12 ዙር ይጨርሳል፣ 13፣ 14፣ 15 ላይ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላየም፣ ማንም ሊያይ አይችልም። እኔ ካሁኖቹ 15 ዙር ላይ ገንዘቤን ማስቀምጠው ኡሲክ ላይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ፉሪን በመጀመሪያው ግጥሚያ የሰበረው ከ8ኛው ዙር ጀምሮ ነው፣ 9ኛው ላይ ፉሪን ገመዱ ነው ያዳነው፣ ማለት ሰውየው ግጥሚያው በረዘመ ቁጥር እየተሻለው ነው ሚሄደው።

ሌሎችም ህጎች አሉ፣ በአጭሩ ልለፋቸው። ዴምፕሲ ዊላርድን ሲጥለው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቅና ገና ጉልበቱ ከወለል ሲነሳ ነው ደግሞ ሚመታው፣ ያኔ ይፈቀድ ነበር። ዛሬ ጣይ ወደ ገለልተኛው ጥግ መሄድ አለበት። እንደውም ዴምፕሲን እራሱን ይሄ ህግ ጎድቶታል፣ በ1927 ቺካጎ ላይ ጂን ተኒን ጥሎ ወደ ጥጉ ለመሄድ ስለዘገየ ቆጠራው ዘግይቶ ተጀመረ፣ ተኒ ከ10 ሰከንድ በላይ አርፎ ተነሳና አሸነፈ። ጓንትም ዛሬ 10 አውንስ ነው፣ ድሮ ከዛ ያነሰ ነበር። ዳኞችም ግጥሚያ ቶሎ ያስቆማሉ፣ ዊላርድ ያን ቀን በዛሬ ዳኛ እጅ ቢሆን የመጀመሪያውን ዙር አይጨርስም ነበር።

ማንን አሸነፈ?

ሪከርድ ስታዩ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። እዚ ላይ የድሮዎቹ ጥሩም መጥፎም ጎን አላቸው።

ጥሩው፣ ብዙ ይፋለሙ ነበር። ጆ ሉዊስ ከታህሳስ 1940 እስከ ሰኔ 1941 ባሉት ወራት 7 ጊዜ ቀበቶውን አስጠብቋል፣ በየወሩ ማለት ነው። አሊ ከመጋቢት 1966 እስከ መጋቢት 1967 እንደዚሁ 7 ጊዜ። ኡሲክ ደግሞ ወደ ከባድ ሚዛን ከመጣበት ከ2019 መጨረሻ እስከ ሐምሌ 2025 በጠቅላላ 8 ግጥሚያ ነው ያደረገው። ልዩነቱ ቀላል አደለም፣ ሁሌ ሪንግ ውስጥ ያለ ሰው ሚማረው ነገር ሌላ ነው። በሌላ በኩል ግን ሉዊስ በየወሩ ከገጠማቸው ውስጥ ዛሬ ስማቸውን ማንም ማያስታውሳቸው አሉ፣ የኡሲክ 8ቱ ውስጥ ግን አንቶኒ ጆሹዋ ሁለቴ፣ ፉሪ ሁለቴ፣ ዳንኤል ዱቧ ሁለቴ አሉበት።

መጥፎው ጎን የዘር መድልዎው ነው፣ ይሄን ሳያነሱ ስለ ድሮ ማውራት አይቻልም። ጥቁሩ ሻምፒዮን ጆንሰን በ1915 ከተሸነፈ በኋላ ጆ ሉዊስ በ1937 እስከሚመጣ ድረስ 22 ዓመት ሙሉ አንድም ጥቁር ቦክሰኛ ለከባድ ሚዛን ቀበቶ እንዲፋለም እድል አልተሰጠውም። ጥቁሩ ሃሪ ዊልስ ዴምፕሲን ለአመታት ሲጠብቅ እድሜው አለፈ። ስለዚ ዴምፕሲን "ሁሉን ያሸነፈ" ስትሉት ሁሉ ውስጥ ማን እንደሌለ አስታውሱ። የዴምፕሲን ደረጃ እኔ ዝቅ ማደርገው በኪሎው ሳይሆን በዚ ነው። እና ጆንሰን እራሱም ቢሆን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንደሱ ጥቁር የነበረውን ሳም ላንግፎርድን አልገጠመውም።

በአሊም ዘመን የጎደለ አለ። ያኔ የሶቪየት ህብረትና የኩባ ቦክሰኞች ፕሮፌሽናል አይሆኑም ነበር። ቴዎፊሎ ስቲቨንሰን በ1972፣ በ1976፣ በ1980 ሶስት ተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዶ አንድም ቀን ፕሮፌሽናል ሳይሆን ቀረ። ዛሬ ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ወንድማማቾቹ ክሊችኮዎችና ኡሲክ የመጡት በዛ በተከፈተው በር ነው። ግን ደሞ በተቃራኒው አሜሪካ ውስጥ ድሮ ቦክስ ይገቡ የነበሩት ግዙፍ ልጆች አሁን ቅርጫት ኳስና የአሜሪካ ፉትቦል ነው ሚገቡት፣ አሜሪካ በኦሎምፒክ በትልቁ ሚዛን ወርቅ ካገኘች ከ1984 ወዲህ የለም። ስለዚ ከአንድ በኩል ሰፋ፣ ከሌላው ጠበበ። እኔ በጠቅላላው እኩል ነው እላለሁ፣ ማይስማማ ካለ ይከራከረኝ።

ሆኖም የአሊን ዝርዝር አንዴ ብቻ አንብቡት፦ ሊስተን ሁለቴ፣ ፓተርሰን፣ ፍሬዘር፣ ኖርተን፣ ፎርማን፣ ሻቨርስ፣ ላይል። ይሄን ሚስተካከል ዝርዝር ያለው ከባድ ሚዛን እኔ አላውቅም፣ የ90ዎቹ ኢቫንደር ሆሊፊልድ ይጠጋዋል። የዛሬዎቹ ችግር ችሎታ ብቻ አደለም፣ መጋጠም ያለባቸው ሰዎች አለመጋጠማቸው ነው። አራት ድርጅት አራት ቀበቶ ይዞ ሁሉም በየፊናው ሻምፒዮን ነኝ ይላል። ይሄ ግን የዛሬ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሌኖክስ ሌዊስና ሪዲክ ቦው በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ፍፃሜ ላይ ተገናኝተው ሌኖክስ አሸነፈ፣ በፕሮፌሽናል ግን አንድም ቀን ሳይገናኙ ቀሩ፣ ቦው ከሌኖክስ ጋ ከመፋለም ይልቅ ቀበቶውን ካሜራ ፊት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው።

ድልድይ ሰዎች

እኔ ከሁሉም በላይ ምወደው ዘዴ ይሄ ነው፦ ሁለት ዘመን ላይ የተፋለሙ ሰዎችን ፈልጉ። በጣም ጥሩው ጆርጅ ፎርማን ነው። በ1974 በአሊ ተዘረረ፣ በ1977 አቆመ፣ ከ10 አመት በኋላ ተመለሰ፣ በ1991 በ42 አመቱ ከ28 አመቱ ሆሊፊልድ ጋ 12 ዙር ሙሉ ቆሞ በነጥብ ነው የተሸነፈው፣ በ1994 ደግሞ በ45 አመቱ የ26 አመቱን ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። ላሪ ሆልምስም እንደዚሁ፣ በ42 አመቱ የ1988ቱን የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሬይ መርሰርን አሸንፎ ከዛ ከሆሊፊልድ ጋ 12 ዙር ሄደ። አስቡት እስቲ፣ የ70ዎቹ ሰዎች በሽምግልናቸው ለ90ዎቹ ምርጦች ራስ ምታት ከሆኑ፣ በወጣትነታቸው ምን ሊሆኑ ነበር? ከዛ ሆሊፊልድ ከሌኖክስ ጋ፣ ሌኖክስ በ2003 ከቪታሊ ክሊችኮ ጋ፣ የቪታሊ ወንድም ቭላድሚር በ2015 ከፉሪ ጋ በ2017 ከጆሹዋ ጋ፣ ፉሪና ጆሹዋ ከኡሲክ ጋ። ከአሊ እስከ ኡሲክ ሰንሰለቱ አልተቆረጠም።

ግን ተጠንቀቁ፣ ይሄ ዘዴ ሞኝ ያደርጋል። ማርሲያኖ ጆ ሉዊስን በ1951 ዘርሮታል፣ ሉዊስ ያኔ 37 አመቱ ነበር። ሆልምስ አሊን በ1980 አስቁሞታል፣ አሊ 38 ነበር፣ ያን ቀን ጭራሽ መግባት አልነበረበትም። ማይክ ታይሰን ሆልምስን በ1988 በ4 ዙር ጨረሰው፣ ሆልምስ ሁለት አመት ሊሞላው ምንም ሳይፋለም ነበር የመጣው። ወጣቱ ሽማግሌውን ሲያሸንፍ ብዙም ሚነግረን ነገር የለም። ሽማግሌው ወጣቱን ሲያስቸግር ነው ሚነግረን። ሰንሰለቱን በዚ አቅጣጫ ብቻ ተጠቀሙበት።

ቪዲዮ ስታዩ

የጆንሰንና የዴምፕሲ ዘመን ፊልም እየተንቀጠቀጠና እየፈጠነ ሚታየው በካሜራውና በፊልሙ ፍጥነት አለመመጣጠን ነው፣ ሰዎቹ እንደዛ አይቦክሱም ነበር። ስለዚ በዛ አትፍረዱ። ሌላው ምርጥ ምርጡን ብቻ ቆርጠው ሚያወጡት ቪዲዮ ነው፣ በተለይ ማይክ በዚ ብዙ ተጠቅሟል። በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ያጠፋበትን አስር ጊዜ ያየ ሰው በ1987 ቦንክራሸር ስሚዝ 12 ዙር ሙሉ አቅፎት ምንም ሳይፈጥር የቀረበትን ግን አላየም። ሁለቱንም እዩ።

ኮምፒዩተር ይፍረድ ሚሉም አሉ። ተሞክሯል እኮ! በ1969 አሊና ጡረታ የወጣው ማርሲያኖ ካሜራ ፊት የለበጣ ተፋለሙ፣ ብዙ አይነት መጨረሻ ተቀረፀ፣ ከዛ "ኮምፒዩተሩ ወሰነ" ተብሎ በ1970 አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ሲያሸንፍ ታየ፣ አውሮፓ ውስጥ የታየው ላይ ደግሞ አሊ ነው ያሸነፈው። ማርሲያኖ እራሱ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩም እንደ ተመልካቹ ነው ሚፈርደው ማለት ነው።

በቃ ወደ ፍርዱ

ማይክ (1988) ከፉሪ (2020)፦ የመጀመሪያዎቹ 4 ዙሮች የማይክ ናቸው። ፉሪን በ2013 ስቲቭ ኩኒንግሃም ሚባል ከክሩዘርዌት የመጣ ሰው ጥሎታል፣ በ2023 ደግሞ ፍራንሲስ ኢንጋኑ በመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያው ጥሎታል፣ ማይክ አይጥለውም ሚል ሰው ካለ ይምጣ። ችግሩ ፉሪ ይነሳል፣ ሲነሳ ደግሞ ያቅፋል፣ ይደገፋል፣ ጃብ (በፊት እጅ ሚላክ ቀጥታ ቡጢ) ያወጣል፣ ማይክን ደግሞ ሁሌ ያስቸገረው ረጅም ጃብ ያለውና ማይፈራው ሰው ነው፣ በ1990 ቶኪዮ ላይ ባስተር ዳግላስ ያደረገው ይሄንን ነው። እስከ 5ኛው ዙር ካላለቀ ፉሪ በነጥብ ወይ ዘግይቶ በማስቆም።

ፎርማን (1973) ከጆሹዋ፦ ፎርማን፣ በጊዜ። ኪንግስተን ላይ ፍሬዘርን በሁለት ዙር 6 ጊዜ የጣለ ሰው ነው፣ ጆሹዋ ደግሞ አንዲ ሩዊዝና ዱቧ አገጩ ላይ ምን እንዳለ አሳይተውናል። ብዙ ማወራበት የለኝም።

ጆ ሉዊስ ከቭላድሚር ክሊችኮ፦ ይሄ ከባድ ነው። የሉዊስ አጫጭር ቡጢዎች ከማንም ይበልጣሉ ግን እዛ ለመድረስ በቭላድሚር ጃብ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ 90 ኪሎ ሆኖ በ110 ኪሎ ሰው እየታቀፈ። በ12 ዙር ቭላድሚር፣ በ15 ዙር ሉዊስ። የቭላድሚር ትንፋሽና አገጭ በተለይ በወጣትነቱ እንዴት እንደነበር ያስቆሙትን ኮሪ ሳንደርስንና ላሞን ብሩስተርን መጠየቅ ነው።

ሌኖክስን ከማንም ጋ፦ 1.96 ሜትር፣ እጁ 213 ሴንቲሜትር፣ 110 ኪሎ አልፎም ሚንቀሳቀስ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ፣ ሁለቱንም ተመልሶ ያሸነፈ። የዛሬ ሰው አካል ከ90ዎቹ ትምህርት ጋ ነው ያለው። አዎ በ1994 ማካል በ2001 ራህማን በአንድ ቡጢ አጥፍተውታል፣ ቸልተኛ ይሆናል። ቸል ባላለበት ቀን ግን ከፉሪም ከቭላድሚርም ከዋይልደርም አሸናፊ አድርጌ ምይዘው እሱን ነው፣ ማስበልጥበት ሰው ካለ የ1966ቱ አሊ ብቻ ነው፣ እሱንም በ15 ዙር።

እና የመጨረሻው፣ አሊ ከኡሲክ። መጀመሪያ የትኛው አሊ? ከ1967 በኋላ ከሶስት አመት በላይ ከቦክስ ተባሮ በ1970 ሲመለስ እግሩ ሌላ እግር ነበር፣ ማኒላ ላይ ፍሬዘርን የገጠመው የ1975ቱ አሊ በጥንካሬና በብልጠት ነው ሚያሸንፈው እንጂ ቡጢ ማምለጥ ቀርቶበታል። ያኛው አሊ በኡሲክ ይሸነፋል፣ በነጥብ፣ በግልፅ። የ1966ቱ ግን ሌላ ነው። ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን ሲፋለም ሙሉውን እዩት፣ 96 ኪሎ የሆነ ሰው እንደዛ ሲንቀሳቀስ ከዛ በኋላም አልታየም። ኡሲክ በእግሩ ሚጠጋው ሰው ነው፣ ግን እጁ እንደ አሊ አይፈጥንም፣ በሌላ በኩል ኡሲክ ሆድ ይመታል፣ አሊ ሆድ አይመታም ነበር፣ እና ኡሲክ ግራኝ ነው። እዚ ላይ ነው ጉዱ። አሊ ያኔ የገጠመው ዋና ግራኝ ጀርመናዊው ካርል ሚልደንበርገር ነው፣ መስከረም 1966 ፍራንክፈርት ላይ፣ አሊ በ12ኛው ዙር አስቆመው ግን እስከዛ ድረስ ከሌሎቹ ተጋጣሚዎቹ በላይ አስቸግሮታል፣ የግራኙ አቋም አልገባው ብሎ ብዙ ጊዜ ሲስት ታያላችሁ። ሚልደንበርገር ደግሞ ኡሲክ አደለም። ለዚ ነው ሌሎቹ ላይ ያለማመንታት የፈረድኩት እዚ ላይ ጠባብ ምለው፦ በ12 ዙር የ1966ቱ አሊ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ፣ እና ያን ድምፅ ኡሲክ ቢወስደውም ክርክር አላነሳም። ከኔ ለመለየት ምትፈልጉ ካላችሁ የሚልደንበርገሩን ግጥሚያና የ2024ቱን የግንቦት የሪያድ ግጥሚያ በአንድ ቀን ተከታትላችሁ እዩና ሚልደንበርገር አሊን ያገኘበትን እያንዳንዱን ግራ እጅ ኡሲክ ቢልከው ምን ይሆን ነበር እያላችሁ ቁጠሩ።